ከእህል የወጣ መሬት ይመለሳልን?

የአንድ አገር የእህል አቅርቦት የሚለካው በጎተራ ውስጥ በተከማቸው እህል ብቻ አይደለም፤ ለሚመጡት ዓመታት እህል ሊያበቅል በሚችለው መሬት ስፋትና ለምነት ጭምር ነው። ጎተራ ቢራቆት ደግ ዓመት ሲመጣ ይሞላል። የእርሻ መሬት ግን አንድ ጊዜ ከእህል ሥራ ከወጣ በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራው የሚመለሰው አንዳንድ ጊዜ በቀላሉ፣ አንዳንድ ጊዜ በብዙ ድካም ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከናካቴው አይመለስም። ስለዚህ አንድ ማሳ ከእህል ወደ ሌላ አገልግሎት ሲዛወር «ለባለይዞታው ስንት ብር ያስገኛል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ነገ እህል ቢቸግረን ይህ መሬት ይመለስልናል ወይ?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ሊቀድም ይገባዋል። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ የነገሩን ስፋት እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት 74 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደ ሆነ ይገመታል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ማሽላና የመሳሰሉት ሰብሎች የሚዘሩበት መሬት 10 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋው የጤፍ መሬት ነው። አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው ማሳ ከአንድ ሄክታር ያነሰ ወይም ከዚያ ብዙም ያልበለጠ ነው። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል ደግሞ ማሳው ይበልጥ እየጠበበ ይሄዳል። በደጋውና በወይና ደጋው ያልታረሰ ለም መሬት ፈልጎ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ሆኗል፤ ዳገቱ ሳይቀር ታርሷል። እንዲህ በሆነበት አገር ከእህል የሚወጣ ማሳ በሌላ ማሳ በቀላሉ አይተካም።

ለመሆኑ አንድ ሄክታር መሬት ከእህል ወጣ ማለት ምን ማለት ነው? ስሌቱ ቀላል ነው። በቅርብ ዓመታት የአገሪቱ አማካይ የጤፍ ምርት በሄክታር 18 ኩንታል ገደማ ደርሷል። አንድ ሰው በዓመት አንድ ኩንታል ተኩል እህል ያስፈልገዋል ብለን ብንነሣ፣ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ጤፍ 12 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ይመግባል። ስለዚህ አንድ መቶ ሄክታር ሲወጣ የ1,200 ሰዎች፣ አንድ ሺህ ሄክታር ሲወጣ የ12,000 ሰዎች እንጀራ ከገበታ ይነሣል። ይህም የሚሆነው ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም፤ መሬቱ እስካልተመለሰ ድረስ በያመቱ ነው።

ይሁን እንጂ ጉዳቱ በዚህ ስሌት ብቻ አይወሰንም። ገበሬ ያመረተውን ሁሉ ወደ ገበያ አያወጣም፤ አስቀድሞ ቤተሰቡን ይመግባል፤ ለዘር ያስቀምጣል፤ ከዚያ የተረፈውን ይሸጣል። ለምሳሌ ያህል በዓመት 12 ኩንታል የሚያመርት አንድ ገበሬ እናስብ። ከዚህ ውስጥ 8 ኩንታሉን ቤተሰቡ ይመገበዋል፤ 1 ኩንታል ለዘርና ለልዩ ልዩ ጉዳይ ይውላል፤ 3 ኩንታል ለገበያ ይተርፋል። ይህ ገበሬ የማሳውን ሩብ ከእህል ቢያወጣ ምርቱ ወደ 9 ኩንታል ይወርዳል፤ እርሱም በቀለብና በዘር ያልቃል። መሬቱ የቀነሰው በ25 በመቶ ነው፤ ወደ ከተማ ይሄድ የነበረው እህል ግን ጨርሶ ቀረ። ገበሬው ማሳውን በሙሉ ከእህል ቢያወጣ ደግሞ ትናንት 3 ኩንታል ይሸጥ የነበረው ሰው ዛሬ ለቤተሰቡ ቀለብ 8 ኩንታል ሊገዛ ገበያ ይወጣል። ገበያው የሻጩን 3 ኩንታል አጣ፤ በዚያው ላይ የ8 ኩንታል ገዢ ተጨመረበት፤ በድምሩ ጉድለቱ 11 ኩንታል ሆነ ማለት ነው። ከመሬቱ መቀነስ ይልቅ የእህሉ ዋጋ ፈጥኖ የሚንርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ሰው ልብስ ቢወደድበት ያረጀውን ጥፎ ይለብሳል፤ ጫማ ቢወደድበት አስጠግኖ ይጫማል። እህል ቢወደድበት ግን ሆዱን ለከርሞ ሊያቆየው አይችልም። ስለዚህ እህል በጥቂቱ ጎደለ ማለት ዋጋው በጥቂቱ ብቻ ይጨምራል ማለት አይደለም። ያለው ሰው ከሌላ ወጪው ቀንሶ ይገዛል፤ የሌለው ከገበታው ይቀንሳል። ከገጠሩም ሕዝብ ብዙው ለገበያ የሚተርፍ እህል የለውም፤ ይልቁንም ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ባልደረሰበት በክረምት ወራት እርሱ ራሱ ሸማች ነው። የእህል መወደድ ገበሬውን ሁሉ ይጠቅማል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

መሬት ከእህል የሚወጣባቸው መንገዶች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። በሦስት ከፍለን ልናያቸው እንችላለን። አንደኛው መሬትን ማሳረፍ ነው፤ ሁለተኛው ዛፍ ወይም ሌላ ለገበያ የሚውል ተክል መትከል ነው፤ ሦስተኛው በመሬቱ ላይ መገንባት ነው። ሦስቱም የዘንድሮውን እህል ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን በመመለሻቸው ረገድ በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት አለ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። አባቶቻችን መሬት ሲደክም ለጥቂት ዓመታት ጦሙን ያሳድሩት ነበር። ጦም ያደረ መሬት ሣር ያበቅላል፤ ከብት ይግጥበታል፤ አፈሩም ኃይሉን ያድሳል። የመሬት ጥበት እያየለ በመምጣቱ ግን ይህ ልማድ በብዙ አካባቢ ቀርቷል። በአሜሪካና በአውሮፓ ደግሞ መንግሥታት ራሳቸው ገንዘብ እየከፈሉ መሬት እንዲያርፍ ያደረጉበት ጊዜ አለ። የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ሕግ በጎርፍና በነፋስ የሚሸረሸር መሬታቸውን ከእርሻ አውጥተው ሣርና ዛፍ ለሚያለብሱ ገበሬዎች በያመቱ መክፈል ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚህ ዓይነት ውል ሥር የነበረው መሬት ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ደርሶ ነበር። የአውሮፓ ማኅበረሰብም የእህል ክምችቱ ከመጠን ስላለፈበት እ.ኤ.አ. በ1992 በወሰደው የለውጥ እርምጃ፣ አነስተኛ አምራቾችን ሳይጨምር፣ ገበሬዎቹ ከእህል መሬታቸው 15 በመቶውን እንዲያሳርፉ ደነገገ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የእህል ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር ይህንኑ መጠን ለቀጣዩ አዝመራ ወደ ዜሮ አወረደው፤ በ2008 ደግሞ ግዴታው እንዲቀር ወሰነ።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ አውሮፓውያን መሬታቸውን ያሳረፉት ጎተራቸው ሞልቶ ስለ ነበር ነው፤ እኛ ደግሞ ያሳርፉ የነበሩት አባቶቻችን ለምለም መሬት ስለ ተረፋቸው ነበር። ሁለተኛ፣ ያረፈ መሬት በሚያስፈልግበት ጊዜ በአንድ ውሳኔና በአንድ የዘር ወቅት ይመለሳል። አፈሩ በቦታው ነው፤ የሚጠብቀው ማረሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕረፍት ምንም እንኳ የዘንድሮውን ምርት ቢቀንስ የከርሞውን አይነጥቅም።

ሁለተኛው መንገድ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶና የግንድ ችግር አቃልሏል፤ እስከ ዛሬም ለቤት መሥሪያ፣ ለማገዶና ለሽያጭ የሚሰጠው ጥቅም የሚናቅ አይደለም። የዛፍ ተከላ ወደ እርሻ ማሳ ሲገባ የሚሆነውን ለመረዳት ግን በአማራ ክልል የአዊ ዞንን፣ በተለይም የፋግታ ለኮማ ወረዳን መመልከት ይጠቅማል። በዚህ አካባቢ ገበሬዎች የትውልድ አገሩ አውስትራልያ የሆነውን ዲከረንስ የተባለ የግራር ወገን በማሳቸው ላይ ይተክላሉ። አሠራሩ ብልሃት ያለበት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይበቅላል። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ዛፉ ብቻውን ያድጋል፤ በሥሩ የሚወጣው ሣርም ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ይከሰላል፤ ከሰሉም በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል። ከዚያ በኋላ መሬቱ እንደ ገና ታርሶ ጤፍና ችግኝ ይገባበታል።

ገበሬው ይህን የሚያደርገው የእህልን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የአካባቢው አፈር በዝናብ ብዛት ታጥቦ ጎምዛዛ ሆኗል፤ እንዲህ ያለው አፈር ኖራና ማዳበሪያ ካላገኘ ለእህል ይሰንፋል፤ የማዳበሪያ ዋጋ ደግሞ በያመቱ ይከብዳል። ዲከረንስ ግን በዚህ አፈር ላይ ይበቅላል፤ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ በማስገባትም የደከመውን መሬት ያግዛል፤ ከሰሉ ተሽጦ ቆርቆሮ ይገዛል፤ ልጅ ያስተምራል። ስለዚህ ገበሬውን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

ነገር ግን ነገሩን ከገበያው በኩል እንየው። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ በየዓመቱ ይሰጥ ከነበረው እህል አራቱን እጅ አስቀርቷል። አንድ ገበሬ ብቻውን እንዲህ ቢያደርግ በከሰሉ ገንዘብ ከጎረቤቱ እህል ይገዛል። የጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ማሳ ዛፍ ከለበሰ ግን እህሉ ከየት ይመጣል? ለአንዱ የሚበጀው ነገር ሁሉም ሲያደርገው ለሁሉም እንደማይበጅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በተጨማሪም እህሉ ሲቀር ጭዱም ይቀራል፤ ጭድ ሲቀር በሬው ይከሳል። መሬት የሌለው ወጣትም ቀድሞ ለእኩል ወይም ለሲሶ ያርሰው የነበረውን ማሳ ያጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዲከረንስን የሚያደርቅ በሽታ በአካባቢው ተዛምቶ በዛፉ ላይ ከባድ ጥፋት አድርሷል። ኑሮውን በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ያቆመ ገበሬ ዛፉ ሲታመምበት ከሰሉንም እህሉንም በአንድነት ያጣል።

ይህም ሆኖ የዛፍ ማሳ መመለሻ አለው። ዲከረንስ ከተቆረጠ በኋላ መሬቱ ይታረሳል። ባሕር ዛፍ የበለጠ ያስቸግራል፤ ጉቶው ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥ ሥሩን ቆፍሮ ማውጣት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ቢሆንም አፈሩ በቦታው አለ፤ የጎደለው ጉልበትና ጊዜ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ግን መመለሻ የለውም። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ በኩል የሚዘልቀው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። የአዳ ጤፍ በመላ አገሪቱ ስሙ የተጠራው ከዚህ አፈር በቅሎ ነው። በ1998 ዓ.ም. ለገበሬዎች የቀረበውና ምርታማነቱ የተመሰከረለት ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የወጣውም እዚሁ ካለው የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ነው። ዛሬ ግን ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካው፣ መጋዘኑና መኖሪያ ቤቱ እየተከታተለ ሜዳውን ይዞታል። የሚያስገርመው ዋልካ ለእህል የተመቸውን ያህል ለግንብ የማይመች መሆኑ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። የያዘው እርጥበት ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንኳ ሽምብራ ያበቅላል፤ የቤትን መሠረት ግን ያናጋል። ስለዚህ የሚገነባው ሰው ዋልካውን በብዙ ወጪ ቆፍሮ ያወጣና በምትኩ ገረጋንቲ ይሞላበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ተቆፍሮ የተደፋ አፈር፣ አስፋልትና ኮንክሪት የለበሰ ማሳ የእህል ዋጋ ስለ ተወደደ ብቻ ዳግመኛ ጤፍ አይሆንም።

እዚህ ላይ «ገበሬው ካሣ ይከፈለው የለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እርግጥ ይከፈለዋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጎ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ብዜቱን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎታል። ካሣው ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ካሣ የሚከፈለው ለባለይዞታው ነው፤ ከዚያ ማሳ የሚመጣውን ጤፍ ይገዛ ለነበረው ሸማች የሚከፈል ካሣ የለም። የሚከፈለውም ብር እንጂ እህል አይደለም። ብሩ የአሥራ አምስት ዓመት ገቢ ነው ቢባል፣ በአሥራ ስድስተኛው ዓመት መሬቱ ይሰጥ የነበረውን እህል የሚተካ ማንም የለም።

ሌሎች ደግሞ «መሬት ቢቀንስም ምርታማነት ጨምሯል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት አማካይ የጤፍ ምርት በሄክታር ከ10 ኩንታል በታች ነበር። ይህን እድገት ያስገኙት ተመራማሪዎችና ገበሬዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ምርትን በሄክታር ለመጨመር የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ያስፈልጋል፤ ለማዳበሪያውም የውጭ ምንዛሪ ሲወጣበት ኖሯል። ከዚህም በላይ በአንድ በኩል የተገኘው በሌላ በኩል ከፈሰሰ ትርፉ ምንድን ነው? መቶ ሄክታር በነበረበት ቀበሌ በሄክታር የሚገኘው ምርት በ10 በመቶ ቢጨምርና መሬቱ ወደ ዘጠና ሄክታር ቢወርድ፣ ጠቅላላ ምርቱ ከቀድሞው በመቶኛ አንድ እጅ ያንሳል። የሕዝቡ ቁጥር ግን በዚያው መጠን አልቀነሰም፤ ጨምሯል። ምርታማነት ለሚወለደው ልጅ እንጀራ መሆን ሲገባው ለጠፋው መሬት መሙያ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ስል ከተማ አይስፋ፣ ፋብሪካ አይተከል፣ አበባ አይመረት ማለቴ አይደለም። ፋብሪካው ለወጣቱ ሥራ ይሰጣል፤ አበባው የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል፤ ከተማም ያለ ቤት አይኖርም። የክርክሩ ፍሬ ነገር «ይሁን ወይስ አይሁን?» የሚለው ሳይሆን «የት ይሁን?» የሚለው ነው። ለዚህም የሚከተሉትን አሳቦች አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ ግንባታ ለእህል ወደማይመቸው ጭንጫና ድንጋያማ ቦታ ይሂድ፤ በከተማ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ሳያልቅ ወደ ማሳ አይወጣ፤ በጎን ከመስፋት ይልቅ ወደ ላይ ይሠራ። ሁለተኛ፣ ዛፍ ለዳገቱ፣ ለቦረቦሩና ለመንገድ ዳር ይሁን፤ አፈሩ ጎምዛዛ በሆነበት አካባቢ ገበሬው ወደ እህል እንዲመለስ ኖራ በተመጣጣኝ ዋጋ ይቅረብለት፤ ያለ እህል ትርፍ የሚያገኝበት ምክንያት ሳይወገድ «እህል ዝራ» ብሎ ማዘዝ አያዋጣም። ሦስተኛ፣ ለልማት ተብሎ ከገበሬ ተወስዶ ሳይለማ ታጥሮ የሚቀመጥ መሬት ሥራው እስኪጀመር ድረስ ይታረስ። ታጥሮ ጦሙን የሚያድር መሬት እህልም ፋብሪካም ያልሆነ፣ ከሁሉም የከፋ ብክነት ነው። አራተኛ፣ ማናቸውም የእርሻ መሬት ከእህል ከመውጣቱ በፊት የሚቀርበው ጥናት ከብሩ ሒሳብ ጎን የኩንታል ሒሳብ ይኑረው። ይህ መሬት በዓመት ስንት ኩንታል ይሰጣል? ስንት ሰው ይመግባል? ያ እህል ከየት ይተካል? እነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ሳያገኙ ውሳኔ ሊሰጥ አይገባም።

የገጠር ልጆች የሆናችሁ ተማሪዎች የቤተሰባችሁ ማሳ ትናንት ምን ይበቅልበት እንደ ነበረ፣ ዛሬ ምን እንዳለበት ከታላላቆቻችሁ ጠይቃችሁ መረዳት ትችላላችሁ። የከተማ ልጆች የሆናችሁም የምትኖሩበት ሰፈር ቀድሞ የማን እርሻ እንደ ነበረና ምን ይዘራበት እንደ ነበረ ጠይቁ። ምናልባትም ከሰፈራችሁ ሽማግሌዎች አንዱ ገብሱን ያጨዱበትን ቦታ በጣታቸው ያሳዩአችሁ ይሆናል። ከዚያም ያ እህል ዛሬ ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ቀን ተጉዞና በምን ዋጋ እንደሚደርሳችሁ መርምሩ። የመሬት ጉዳይ የገበሬው ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን በዚህ ትረዳላችሁ።

ሲጠቃለል፣ ያረፈ መሬት በማረሻ ይመለሳል፤ ዛፍ የለበሰ መሬት በድካም ይመለሳል፤ ግንብ የተሠራበት መሬት አይመለስም። እንግዲህ መመለሻ ያለውን ነገር ገበሬው በራሱ ምርጫ ቢያደርገው ልንመክረውና ልናግዘው እንጂ ልንከለክለው አይገባም። መመለሻ የሌለውን ውሳኔ ግን አንድ ባለይዞታ፣ አንድ ባለሀብት ወይም አንድ ጽሕፈት ቤት ብቻውን ሊወስነው አይገባም፤ የሚጎድለው የሁላችንም እህል ነውና።